የቀዳዳው ልክ

ታናሽ ወንድሜ አራጋው ከወገል ጤና ገደል
ወገቡን በገመድ አስሮ ሲንጠለጠል፣
መዶሻው ጥቁሩን አለት በፈለጠ ቁጥር
ነጭ ነጭ ድንጋይ፣ እንደ ወተት ጥርስ፣ ከድዱ ሲፈነጥር፣
«ይኸ ጅል ነው» ይላል፤
ወደ ሸለቆው ይጥላል።
ኦፓል አይደል፤ ብርሃን አይዞርበት፣ ቀለም አይጫወትበት፣
ደላላ አይጣላበት።
አንዳንዱን ግን ለኔ ኪሱ ውስጥ ይደብቃል፣
«ለተማሪዋ» ብሎ ይስቃል።

እኔ ኮምቦልቻ ነኝ። የቤተ ሙከራው መስኮት
ወደ ቦርከና ያያል፤ ክረምት ሲገባ ይሰማል ድንጋይ ሲጎትት።
ከደላንታ የመጣውን ጅል ፈጨሁት፣
በወንፊት ነፋሁት፣
ምድጃ ውስጥ ከትቼ ጠበቅሁት።
አላበው! የድንጋይ ላብ በመስታወቱ ወረደ፤
ሳይቀልጥ፣ ቅርጹ ሳይዛነፍ፣ ውሃው ብቻ ሄደ።
«ያረቢ፣ ፈላ እኮ!» አለች ቶይባ፣
መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፍታ፣ ከበሩ ሳትገባ።

ራጅ የሚያነሳ መሣሪያ የለንም። አዲስ አበባ ላክነው።
ስድስት ወር ቆየ። ወረቀቱ ሲመጣ ደግመን ደጋግመን አነበብነው፦
ጅሉ ለካ ቤት ነው።
አዳራሽ ከአዳራሽ፣ ደጅ ከደጅ የተያያዘ፣
ያለ አናጢ የቆመ፣ ያለ ቁልፍ የተያዘ።
የደጁ ስፋት? ቶይባ፣ አንድ ፀጉርሽን ንቀይ፣
ከመቶ ሺህ በላይ ሰንጥቂና አንዷን ስንጥር እይ፤
እሷ ናት ወርዱ።
የዱቄት ወንፊት ደቃቁን ከሻካራው ይለያል እንጂ
የእንግዳውን መልክ አይጠይቅም።
ይኸኛው ይጠይቃል።

ቀጥ ያለው ሞለኪውል፣ እንደ ጅራፍ የቀጠነው፣ ይገባል፤
ክንዱን የዘረጋው፣ ቅርንጫፍ ያበዛው፣ ደጅ ይጠናል።
የገባውም በዋዛ አይወጣ። ግድግዳው ይነካዋል፣
አንድ እጁን ነቅሎ ከሌላ ትከሻው ይተክልለታል፤
ወፍሮ መውጫ ቢያጣ ያገላብጠዋል፣
በደጁ ልክ የሆነ ዕለት «በል ሂድ» ይለዋል።
አልታረም ያለው ከስሎ፣ ጠቁሮ፣ መተላለፊያውን ይዘጋል፤
ለሱ እሳት ይለቀቅበታል፣ በጭስ ይሸኛል።
ድንጋዩ ግን ያው ነው፤ እንደ ደግ አማላጅ
ጋብቻውን አስሮ፣ ድግሱን ሳይቀምስ የሚወጣ ከደጅ።

ይህን ሁሉ በስልክ ስነግረው አራጋው ዝም አለ።
ኔትወርኩ የጠፋ መስሎኝ «ሃሎ» ስል፣
«አለሁ» አለ።
«እኛም ጋ እንዲሁ ነው። ጉድጓዱ ቀጭን ይወዳል።
ግዛቸው ትከሻው ሰፊ ነው፤ ውጭ ገመድ ይይዛል።
የመኳንንት ትንሹ፣ አሥራ አራት ዓመቱ፣ በጎኑ ሾልኮ ይገባል።
ያንቺ ድንጋይ አቅንቶ ያወጣል፤ የኛው ያጎብጣል።
ባለፈው ሐምሌ የገባ ደግሞ አለ…»
አልጨረሰውም።
ስሙን አውቀዋለሁ። እኔም አልጠራሁትም።

ቆይቶ፣ «በኪሎ ስንት ያወጣል?» አለኝ።
ወረቀቱን ገለጥሁ፣ መልሼ ገለጥሁ፤
ከቁጥሩ ሁሉ መሀል የዋጋ ቁጥር የለውም።

ትናንት ከደሴ በመጣ አይሱዙ አንድ ጆንያ ደረሰኝ፤
ሹፌሩ «እርሳስ ነው እንዴ እህቴ፣ ወገቤን ቆረጠኝ»
እያለ አወረደልኝ።
ጆንያው ላይ በከሰል፣ ፊደሉ እየተንጋደደ፦
«ጅሎቹን ልኬያለሁ። የኔም ትከሻ እየሰፋ ሄደ።»